ማዕበሉ ሳይደርስ መስማት፦ ስለ ደሴቶችና ስለ አደጋ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

(ከታች ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ታኅሣሥ ስል ዲሴምበር ማለቴ ነው፣ እንዳንምታታ።)

ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሲባል ያው ሳይረን አይደል እንዴ?

አይደለም። ሳይረኗ እኮ መጨረሻ ላይ የምትመጣ ጩኸት ናት። ከሷ በፊት አደጋው የትኛውን ሰፈር እንደሚመታ ማወቅ አለ፣ ባሕሩንና አየሩን ሌት ተቀን የሚከታተል ሰው አለ፣ ወሬውን እስከ ዳር ያለችው መንደር የሚያደርስ መንገድ አለ፣ ከዛ ደግሞ ወሬው የደረሰው ሰው በየት በኩል እንደሚሄድ ቀድሞ ማወቅ አለበት። የተባበሩት መንግሥታት በ2022 እስከ 2027 ድረስ በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል ብሎ የጀመረው ዕቅድም በነዚሁ አራት ነገሮች ላይ ነው የቆመው።

አንዷ ከጎደለች ምን እንደሚሆን ለማየት ታኅሣሥ 2004ን ማስታወስ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሱማትራ የምትባለው ደሴት አጠገብ መሬቱ በ9.1 መጠን ሲንቀጠቀጥ ሃዋይ ያለው የፓስፊክ የሱናሚ ማዕከል በ15 ደቂቃ ገደማ ውስጥ አይቶታል፣ መጠኑን አሳንሶ ቢገምተውም። ማዕበሉ ስሪላንካ ለመድረስ 2 ሰዓት ያህል ፈጅቶበታል፣ 2 ሰዓት ማለት ደግሞ በእግር እንኳ ስንት ያስኬዳል። ግን በሕንድ ውቅያኖስ በኩል «ሀሎ፣ ሰው አንሱ» ተብሎ የሚደወልለት ቢሮ አልነበረም፣ ከዛ ወደ ባሕር ዳርቻው የሚወርድ መስመርም አልነበረም። ስሪላንካ ውስጥ ብቻ ከ30 ሺህ በላይ ሰው አለቀ፣ በጠቅላላው ወደ 230 ሺህ። መረጃው ነበር፣ ጎረቤት ጋ አንኳኩቶ የሚናገር ጠፋ።

ደሴትን ከሌላው ቦታ ምን ይለየዋል? አደጋ አደጋ ነው አይደል?

መሸሻ የለውማ። አገር ቤት ጎርፍ ሲመጣ ወይ ዳገት ትወጣለህ ወይ ዘመድ ጋ ወደ ሌላ ከተማ ትሄዳለህ። ባርቡዳ የምትባለው የካሪቢያን ደሴት በመስከረም 2017 ሃሪኬን (ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ኢርማ አብዛኛውን ቤት ሲያፈራርስባት፣ ሌላ ሃሪኬን ከኋላ እየመጣ ስለነበር የደሴቷን ሕዝብ በሙሉ፣ ከ1,600 የማያንስ ሰው፣ በጀልባና በአውሮፕላን ወደ አንቲጓ አሻግረው ደሴቷን ባዶ አደረጓት። መንገድ ቢኖር በመኪና የሚሆን ነገር ነበር።

ሌላው ነገር ሁሉም አንድ አንድ ነው፦ አንድ ወደብ፣ አንድ ኤርፖርት፣ አንድ የኢንተርኔት ኬብል። ፓስፊክ ውስጥ ያለችውን የደሴት አገር ቶንጋን እዩ። ጥር 15 ቀን 2022 ባሕር ውስጥ ያለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ከፊጂ ጋር የሚያገናኛት ብቸኛ ኬብል ተበጠሰ፣ አገሪቷ ጭልጥ አለች፣ ውጭ ያሉ ቶንጋዎች ዘመዶቻቸው በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ዋናው ደሴት ላይ ኢንተርኔት ለመመለስ 5 ሳምንት ገደማ ፈጀ፣ ዳር ያሉት ደሴቶች ደግሞ ከዛም በላይ ጠበቁ። የሚያሳዝነው በ2019 ይኸው ኬብል ተበጥሶ 2 ሳምንት ያህል ተቸግረው ነበር፣ ማለትም አላወቁም ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ ቶንጋ ውስጥ የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ ሰዉ ባሕሩ ሲያጉረመርም ዝም ብሎ ወደ ላይ መሮጥ ያውቃል።

ያለ መሣሪያ፣ ያለ ሳይረን ሰው ሊተርፍ ይችላል?

ይችላል፣ በደንብ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን በጣም የሚገርመኝ የሲሙሉዌ ነው። ሱማትራ አጠገብ ያለች የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት፣ የ2004ቱ መንቀጥቀጥ አፍንጫዋ ስር ነው የተነሳው፣ ማዕበሉ በ10 ደቂቃ ገደማ ነው የደረሰባት። በዚህ ፍጥነት የትኛውም ማዕከል አይደርስልህም። 78 ሺህ ያህል ሰው ነበረባት፣ የሞቱት ግን 7 ናቸው። ሰባት! ከሷ ማዶ ሱማትራ ላይ ባንዳ አቼ የምትባለው ከተማ ትልቁ ክፍሏ ሲጠረግ።

ምሥጢሩ «ስሞንግ» የምትባል አንዲት ቃል ናት። በ1907 ደሴቷን ሱናሚ ጨርሷት ነበር፣ የተረፉት ሰዎች ለልጆቻቸው ነገሩ፣ ልጆቹ ለልጆቻቸው፣ በተረት፣ ሕፃን በሚያስተኙበት እንጉርጉሮ፣ በጨዋታ። የሚባለው ነገር አጭር ነው፦ መሬቱ በኃይል ከተናወጠ፣ ከዛ ባሕሩ ከሸሸ፣ ዕቃ አትሰብስብ፣ ወደ ኮረብታ ሩጥ። መቶ ዓመት ሊሞላ ሲል ያቺ ቃል ሥራዋን ሠራች፣ አንዱ «ስሞንግ!» ሲል ሁሉም ተነሳ። እኛም ጋ ሽማግሌ የነገረንን «የድሮ ወሬ» ብለን ስንስቅበት ይቺን ማሰብ ነው።

ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄን ታሪክ ይዘው «ቴክኖሎጂ አያስፈልግም፣ የአባቶች ጥበብ ይበቃል» የሚሉ አሉ፣ እሱ ልክ አይደለም። ስሞንግ የሚሠራው መንቀጥቀጡ ለተሰማው ሰው ነው። ሶማሊያ ውስጥ ሃፉን የምትባለው የባሕር ዳር ቀበሌ ላይ መሬቱ ንቅንቅ አላለም፣ ማዕበሉ ከ7 ሰዓት ገደማ በኋላ በጠራራ ፀሐይ ነው የመጣው። እዛ ያለው ዓሣ አጥማጅ ምን ምልክት አይቶ ይሩጥ? ለሱ የሚያስፈልገው ስልክ ወይ ሬዲዮ ነበር።

ታዲያ መሣሪያው የሚጠቅመው መቼ ነው?

አደጋው ከሩቅ ሲመጣ ወይም ቀስ ብሎ ሲደግስ። ሃሪኬን ከቀናት በፊት ይታያል። እሳተ ገሞራም ብዙ ጊዜ ሳያጉረመርም አይፈነዳም፦ ሴንት ቪንሰንት የምትባለው ደሴት ላይ ተራራው ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ ሲቁላላ የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች እዛው ሄደው ይከታተሉት ነበር፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2021 ሕዝቡ ይውጣ ተባለ፣ በማግሥቱ ፈነዳ። በፍንዳታው በቀጥታ የሞተ ሰው አልነበረም። ይኸው ተራራ በ1902 ወደ 1,600 ሰው ገድሏል።

ከቅርብ ለሚነሳ ሱናሚ ግን መሣሪያውን አትጠብቅ። ጃፓን፣ ያቺ በዚህ ነገር ዓለምን የምትመራዋ ጃፓን፣ በ1993 ኦኩሺሪ ደሴት አጠገብ መሬት ሲንቀጠቀጥ በ5 ደቂቃ ማስጠንቀቂያ አወጣች። 5 ደቂቃ ትልቅ ፍጥነት ነው። ማዕበሉ ግን ከዛ በፊት ነበር አንዳንዱ ሰፈር የደረሰው፣ 200 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ስለዚህ ቆሞ መሄድ የሚያቅት ወይም ረዘም ያለ መንቀጥቀጥ ከተሰማህ ማስጠንቀቂያው እሱ ራሱ ነው፣ ስልክህን እያየህ አትቁም።

የማይንቀጠቀጥ ሱናሚም አለ። ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 አናክ ክራካታዉ የሚባለው የኢንዶኔዥያ እሳተ ገሞራ ጎኑ ተንዶ ባሕር ውስጥ ገባ፣ ሥርዓቱ የተሠራው መንቀጥቀጥ ለመቁጠር ስለነበር ዝም አለ፣ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። የሚጠብቁት በበር በኩል፣ የመጣው በመስኮት።

ሳይረን ተነፍቶም ሰው ይሞታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ሂሎ የምትባለው የሃዋይ ከተማ ምስክር ናት። ግንቦት 1960 ቺሊ ላይ ከተነሳው መንቀጥቀጥ በኋላ ሱናሚው ሃዋይ ሳይደርስ ሳይረኑ ከሰዓታት በፊት ጮኋል። ግን የሳይረኑ አጠራር ከዛ ጥቂት ቀደም ብሎ ተቀይሮ ስለነበር ሰዉ «ይሄ የመጀመሪያው ነው፣ ሌላ ይጨምራሉ» ብሎ ተቀመጠ፣ አንዳንዱ ደግሞ ማዕበሉን ለማየት ወደ ባሕሩ ወረደ፣ የመጀመሪያው ሞገድ ትንሽ ሆኖ ሲያልፍ ወደ ቤቱ የተመለሰም አለ። የገደለው ሦስተኛው ነው። 61 ሰው።

አሁን ደግሞ ተገላቢጦሹን ስሙ። ነሐሴ 8 ቀን 2023፣ እዛው ሃዋይ፣ ማዊ ደሴት፣ ላሃይና። እሳት ከተማዋን ሲበላት በደሴቷ ላይ 80 የሚሆኑ ሳይረኖች ቆመው ነበር፣ አንዱም አልተነፋም። የአደጋ ጊዜ ኃላፊው በኋላ ሲጠየቅ ያለው ነገር፣ ሰዉ ሳይረን ሲሰማ ሱናሚ መስሎት ወደ ተራራው ይሮጣል፣ እሳቱ ደግሞ በተራራው በኩል ነው የሚለው ነው። ሰውየው በማግሥቱ ሥራውን ለቀቀ፣ 102 ሰው ሞቷል። እኔ እንደማስበው መልሱ እንዲሁ የሚጣል አይደለም፣ ግን ጥፋቱን ራሱ ይናገራል፦ ለዓመታት በየወሩ በመጀመሪያው የሥራ ቀን በፈረንጅ ሰዓት ከረፋዱ 11:45 ላይ ሲሞከር የኖረ ሳይረን ሕዝቡ አንድ ትርጉም ብቻ ነው የሚያውቅለት ማለት ነው። ጩኸቱን አስለመዱት፣ ጩኸቱ ምን ሊል እንደሚችል ሁሉ ግን አላስለመዱትም። መብራትና ኔትወርክም ስለጠፋ ስልክ ላይ የተላከው መልእክት ለብዙው አልደረሰም።

እሺ ስልክ ላይ ቴክስት መላክ ለምን አይበቃም? ሁሉም ሰው ሞባይል አለው

መብራት እስካለ፣ ታወሩ እስከቆመ፣ ስልኩ ቻርጅ እስካለው ድረስ ይበቃል። ፓሉ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሱላዌሲ ደሴት፣ መስከረም 28 ቀን 2018፦ የሱናሚ ማስጠንቀቂያው በደቂቃዎች ወጥቷል፣ ግን መንቀጥቀጡ መብራቱንና ታወሩን ጥሎት ነበር። ማን ያንብበው።

ቴክኒካል ነገር ልንገራችሁ፣ ተራ ቴክስት ለአንድ ሚሊዮን ሰው ሲላክ ልክ እንደ በዓል ቀን እንኳን አደረሳችሁ ወረፋ ይይዛል፣ ሰዓታት ሊዘገይ ይችላል። ሴል ብሮድካስት የሚባለው ግን ከታወሩ ስር ላለ ስልክ ሁሉ በአንዴ ነው የሚወርደው፣ ስልክ ቁጥር አይጠይቅም፣ ወረፋም የለውም፣ ቱሪስት ብትሆንም ይደርስሃል። አሜሪካ ያላችሁ ያቺ ድንገት የምትጮኸዋ፣ ልብ የምታወርደዋ ድምፅ ማለት ነው (ሴቲንግ ገብታችሁ ያጠፋችኋት መልሳችሁ አብሯት፣ እባካችሁ)።

ታወር የሌለባቸው የፓስፊክ ደሴቶች ላይ ደግሞ «ቻቲ ቢትል» የምትባል ትንሽ ዕቃ አለች፣ ከሳተላይት አጭር ጽሑፍ ትቀበላለች፣ ስትቀበል ድምፅ ታሰማለች፣ በቃ። ኢንተርኔት አትፈልግ ምን አትፈልግ። ከሷ ጎን ባለ ባትሪ ሬዲዮ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ። ቫኑዋቱ የምትባለውን የፓስፊክ አገር በመጋቢት 2015 ሳይክሎን (ያው እንደ ሃሪኬን ያለ አውሎ ነፋስ ነው) ፓም ሲመታት አገሪቷን አደባየት፣ የሞቱት ግን 11 ናቸው፣ ሬዲዮውም ቴክስቱም የመንደር ሽማግሌውም አንድ ላይ ስለሠሩ ነው። ሦስት መንገድ አዘጋጅተህ ሁለቱ ቢበጠሱ አንዷ ትቀራለች፣ አንድ ብቻ ካለህ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሰዉ ተነሥ ሲባል ለምን አይነሳም? ግድየለሽነት ነው?

ይሄን ጥያቄ አልወደውም፣ ምክንያቱም ጥያቄው ራሱ ሰውየውን ሞኝ አድርጎ ነው የሚጀምረው። ባንግላዴሽን ላንሳ። በ1970 ቦላ በምትባለው ደሴትና አካባቢዋ የመጣው ሳይክሎን ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ጨረሰ። ከዛ በኋላ በ1972 በቀይ ጨረቃና በመንግሥት ትብብር የሳይክሎን ዝግጅት ፕሮግራም ተቋቋመ፣ በየመንደሩ በጎ ፈቃደኞች፣ ሜጋፎን፣ ባንዲራ፦ አደጋው ሲብስ አንድ የነበረው ባንዲራ ሁለት፣ ከዛ ሦስት ይሆናል፣ ማንበብ የማይችልም ያየዋል። የእድር ጡሩምባ ነፊን አስቡ፣ ልዩነቱ ይሄኛው የሚዞረው ሰው ከመሞቱ በፊት ነው።

እንዲያም ሆኖ በ1991 ሌላ ሳይክሎን መጥቶ ወደ 140 ሺህ ሰው ሞተ። ማስጠንቀቂያው ለብዙዎች ደርሶ ነበር፣ ሰዉ ግን አልወጣም። ለምን ተብሎ ሲጠና የተገኘው ነገር ለኛ ለገበሬ ልጆች እንግዳ አይደለም፦ ላሟንስ ማን ይጠብቃት? ቤቴ ቢዘረፍስ? ሴቶቹ ደግሞ ባል ሳይፈቅድ መውጣት፣ ከማያውቁት ወንድ ጋር አንድ አዳራሽ ታጉሮ ማደር፣ ለብቻ መጸዳጃ ቤት አለመኖሩ፣ እግር የሚይዝ ረጅም ልብስ ለብሶ ልጅ አቅፎ በውኃ ውስጥ መሮጥ፤ ከወንዶቹ ብዙ እጥፍ ሴቶች ሞቱ። ስለዚህ ምን ተደረገ፣ ለከብቱ «ኪላ» የሚባል ከፍ ያለ የአፈር ጉብታ ሠሩለት፣ መጠለያ ውስጥ የሴት ክፍል ተለየ፣ ዛሬ ከ76 ሺህ ገደማ በጎ ፈቃደኞች ግማሹ ሴቶች ናቸው፣ ሴት ለሴት በር ታንኳኳለች። በ2020 ሳይክሎን አምፋን ሲመጣ፣ ያውም በኮሮና መሃል፣ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ተነሳ፣ ሟቹ በአሥሮች ነው የተቆጠረው። ያው ባሕር፣ ያው ነፋስ።

ሌላ ምክንያትም አለ፣ ፍርሃት። ማዮት የምትባለው በፈረንሳይ ስር ያለች ደሴት ላይ በታኅሣሥ 2024 ሳይክሎን ቺዶ ሲመጣ በቆርቆሮ ሰፈር የሚኖሩ ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች መጠለያ ክፍት ነው ሲባሉ ብዙዎቹ አልሄዱም፣ ሰብስበው ሊያባርሩን ነው ብለው። ወረቀት ሳይኖረው ባዕድ አገር የኖረ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሁልጊዜ የሚያሳድድህ ፖሊስ አንድ ቀን «ና ላድንህ» ቢል ታምነዋለህ?

ውሸት ማስጠንቀቂያ ቢበዛ ሰዉ አይሰለችም? ያ «ጅብ መጣ» ያለው እረኛ…

ይሰለቻል። ግን ልዩነት አለው፣ አውሎ ነፋሱ አቅጣጫ ቀይሮ ሲያልፍ ያ ውሸት አይደለም፣ ይሄን ለሕዝቡ በማግሥቱ ማስረዳት ነው፦ «እዚህ ይመታል ብለን ነበር፣ በዚህ ምክንያት ዞረ» ማለት። ዝም ከተባለ ነው እረኛው የሚመጣው። ሌላው የሰው ስህተት ነው፣ ጥር 13 ቀን 2018 ሃዋይ ላይ «ሚሳይል እየመጣ ነው፣ ልምምድ አይደለም» የሚል መልእክት በየስልኩ ገባ፣ ስህተት ነበር፣ ግን ለማስተባበል 38 ደቂቃ ፈጀ። መላኪያው ነበራቸው፣ መሰረዣው አልተዘጋጀም። ማንም ሥርዓት ሲሠራ መሰረዣ መልእክቱንም ከወዲሁ ጽፎ ያስቀምጥ።

ኮረብታ የሌለው ደሴትስ? ወዴት ይሮጣል?

ማልዲቭስን የመሰሉት ማለት ነው፣ ከፍተኛው የተፈጥሮ መሬቷ 2.4 ሜትር ገደማ ነው። እዛ ያለው አማራጭ ወደ ላይ ነው፣ ጠንካራ ፎቅ፣ ትምህርት ቤት፣ መስጊድ። ትንሽ ማጽናኛም አለ፣ ከጥልቅ ባሕር ቀጥ ብለው የሚወጡ የኮራል ደሴቶች ላይ ሱናሚው እንደ ሌላው ዳርቻ ያን ያህል አይቆለልም፣ በ2004 ማልዲቭስ ከ80 በላይ ሰው ብታጣም በመሬቷ ዝቅታ ልክ አልሞተባትም። አውሎ ነፋስ ላይ ግን ይሄ ብዙ አይረዳም።

እኛ ባሕር እንኳ የለንም፣ ይሄ ምን ያደርግልናል?

በሐምሌ 2024 (በኛ ሲቆጠር 2016 መገባደጃ) ደቡብ ኢትዮጵያ ጎፋ ዞን ላይ መሬት ሲንሸራተት የተቀበሩትን ሊያወጡ የሄዱት ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ነው የወሰዳቸው። የሂሎ ሦስተኛ ሞገድ ማለት ነው፣ ባሕር ሳይኖር። ከዛ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ አዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲናወጥ በአሥር ሺዎች ሰው ከነከብቱ ተነሳ፣ ከነከብቱ የሚለው ላይ አስምሩበት፣ ከላይ የባንግላዴሹን ያነበበ ይገባዋል።

ቤት ውስጥ ምን ይዘጋጅ?

ውኃ፣ መድኃኒት፣ ባትሪ ሬዲዮ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጥሬ ብር (ኔትወርክ ሲጠፋ የሞባይል ባንኪንግ ምን ያደርጋል)፣ ፓስፖርትና የልጆች ወረቀት በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፊሽካ። ከሁሉ በላይ ቤተሰቡ ተበታትኖ ቢሆን የት እንደሚገናኝ አንድ ቦታ መቁረጥ፣ እናት ልጇን ፍለጋ ወደ ባሕሩ እንዳትመለስ።

ብሩ ከተገኘና ሥርዓቱ ከተሠራ ነገሩ አለቀ ማለት ነው?

እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚበላሸው። ኢንዶኔዥያ ከ2004 በኋላ ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ የሱናሚ መለኪያዎች ተተክለውላት ነበር፣ ከ2012 ጀምሮ አንዳቸውም አይሠሩም ነበር፣ ለጥገና በጀት አልነበረም፣ የተወሰኑት ተሰረቁ፣ ተሰበሩ። የመጀመሪያውን ዕቃ የሚሰጥ ለጋሽ ሞልቷል፣ ሪባን ይቆረጣል ፎቶ ይነሳል፣ በአምስተኛው ዓመት ባትሪ የሚቀይር ግን የለም። አንድ ቀን ቀድሞ ማወቅ ብቻ ጉዳቱን በ30 በመቶ ይቀንሳል ተብሎ የተሠራ ስሌት አለ፣ ገንዘብ ሚኒስቴር ሲጠይቅ እሱን ማሳየት ነው። እና አዲስ ሳይረን ለመግዛት ከመሮጥ በፊት የድሮው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተሞከረ፣ ቁልፉ ማን እጅ እንዳለ፣ ያ ሰውዬ ዕረፍት ሲወጣ ማን እንደሚተካው ጠይቁ።